የአቶምን ውስጥ መቁጠር፦ ከአቶሚክ ቁጥር እስከ አይሶቶፕ ስሌት፣ ደረጃ በደረጃ

ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ኬሚስትሪን ለብቻው መማር የሚጀምሩ ልጆች አቶም ላይ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ማስ ቁጥርንና አማካይ አቶሚክ ማስን እንደ አንድ ነገር ያዩአቸዋል። ማስ ቁጥር በአንድ አቶም ኒውክለስ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ተቆጥረው የሚገኝ ሙሉ ቁጥር ነው። አማካይ አቶሚክ ማስ ደግሞ የብዙ አቶሞች አማካይ ስለሆነ፣ ልክ ያን ያህል የሚመዝን አንድም አቶም ላይኖር ይችላል። ይህ ልዩነት ከገባችሁ የቀረው መደመር፣ መቀነስና ማባዛት ነው። መመሪያውን የጻፍኩት ለብቻቸው ለሚያጠኑ ተማሪዎችና ማታ ማታ ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑ ወላጆች ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ፦ ፔሪዮዲክ ቴብል (አቶሚክ ማስን ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ሁለት አኃዝ የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል)፣ እርሳስና ደብተር፣ ካልኩሌተር፣ አንድ ትሪ፣ አንዳንድ እፍኝ ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር። የእህሉ ጥቅም አራተኛው ደረጃ ላይ ይገባችኋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ቅንጣቶች ለዩ

አቶም ውስጥ ፕሮቶን፣ ኒውትሮንና ኤሌክትሮን አሉ። ፕሮቶን +1፣ ኤሌክትሮን −1 ቻርጅ አለው፤ ኒውትሮን ቻርጅ የለውም። ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች መሃል ላይ፣ ኒውክለስ ውስጥ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ኤሌክትሮኖች ከኒውክለሱ ውጭ ናቸው።

ማሳቸውን (የያዙትን ቁስ መጠን) ስናይ ፕሮቶን 1.0073፣ ኒውትሮን 1.0087፣ ኤሌክትሮን ደግሞ 0.00055 አቶሚክ ማስ ዩኒት (የአቶሞች ማስ መለኪያ) ነው። አንድ ፕሮቶን 1836 ኤሌክትሮኖችን ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ማስ ቁጥር ሲቆጠር ኤሌክትሮን የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ኤሌክትሮን ቢጨመርም ቢቀነስም ማስ ቁጥሩ አይነቃነቅም።

እነዚህ ነገሮች በአንድ ቀን የታወቁ አይደሉም። ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያሳወቀው በ1897 ነው። ኧርነስት ራዘርፎርድ ኒውክለስ መኖሩን በ1911 አስረዳ፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው የአልፋ ቅንጣቶች በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ሲተኮሱ አብዛኞቹ በቀጥታ ሲያልፉ ጥቂቶቹ ወደ ኋላ መመለሳቸውን አይቶ ነው። ኒውትሮንን ጄምስ ቻድዊክ ያገኘው በ1932 ነው፤ ቻርጅ ስለሌለው ለመሣሪያ በቀላሉ አይገለጥም ነበር።

የመጽሐፉን ሥዕል ስታዩ አንድ ነገር አስቡ። ኒውክለሱ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው አድርጋችሁ ብትስሉት፣ የአቶሙ ስፋት ከ100 ሜትር እስከ 1 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ነው። ደብተር ላይ የሚሳለው ለመቁጠር እንዲመች እንጂ ልኩን ጠብቆ አይደለም።

ደረጃ 2፦ በሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አንብቡ

ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ ክሎሪንን ፈልጉ። ሳጥኑ ውስጥ 17 እና 35.45 ታያላችሁ። ነጥብ የሌለው 17 አቶሚክ ቁጥር ሲሆን የፕሮቶኖችን ብዛት ይነግራችኋል። የንጥረ ነገሩ ማንነት ይህ ነው፦ 17 ፕሮቶን ያለው ሁሉ ክሎሪን ነው፤ 16 ካለው ድኝ፣ 18 ካለው አርጎን ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ቢቀያየር ይህ ካልተቀየረ ንጥረ ነገሩ ያው ነው።

35.45 ደግሞ አማካይ አቶሚክ ማስ ነው። እሱን ለጊዜው ተዉት፤ ደረጃ 6 ላይ እንመለስበታለን።

ማስ ቁጥር የት አለ? ሰንጠረዡ ላይ የለም። ይህን ደብተራችሁ ላይ ጻፉትና አስምሩበት። ማስ ቁጥር የሚገኘው ከጥያቄው ነው፤ ወይ ከስሙ ጋር ተያይዞ «ክሎሪን-35» ተብሎ ይሰጣችኋል፣ ወይ ከንጥረ ነገሩ ምልክት በስተግራ ከላይ ይጻፋል። አቶሚክ ቁጥሩ በስተግራ ከታች ይሆናል። ቻርጅ ካለ በስተቀኝ ከላይ ይቀመጣል።

ንጥረ ነገሮች በአቶሚክ ቁጥር እንዲሰለፉ ያደረገው ሥራ የሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1913 ከንጥረ ነገሮች የሚወጣውን ኤክስሬይ እየለካ ትክክለኛው ቅደም ተከተል የኒውክለሱ ቻርጅ እንጂ ክብደቱ አለመሆኑን አሳየ። ሰንጠረዛችሁ ላይ አርጎንንና ፖታሲየምን ተመልከቱ፦ አርጎን 18ኛ ሆኖ አማካይ ማሱ 39.95፣ ፖታሲየም 19ኛ ሆኖ 39.10። በክብደት ቢሰለፉ ኖሮ ቦታ ይለዋወጡና አርጎን የተባለው ሰነፍ ጋዝ (ከሌሎች ጋር በቀላሉ የማይዋሃድ) ከሶዲየም ሥር ይገባ ነበር። ለምን አርጎን እንደከበደ ደረጃ 7 ላይ መልሱን ታገኛላችሁ፤ የእኛው አፋርም ይነሳል።

ደረጃ 3፦ ቁጠሩ

ሦስት ሕጎች ብቻ አሉ።

ፕሮቶን = አቶሚክ ቁጥር
ኒውትሮን = ማስ ቁጥር − አቶሚክ ቁጥር
ኤሌክትሮን = አቶሚክ ቁጥር − ቻርጅ

ሦስተኛው ላይ ቻርጁን ከነምልክቱ አስገቡ። ደብተራችሁ ላይ አምስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አስምሩ፤ ስም፣ ፕሮቶን፣ ኒውትሮን፣ ኤሌክትሮን፣ ቻርጅ። ከዚያ እነዚህን ሙሉ፦

አሉሚኒየም-27፣ ቻርጅ የሌለው። አቶሚክ ቁጥሩ 13 ነው። ፕሮቶን 13፣ ኒውትሮን 27 − 13 = 14፣ ኤሌክትሮን 13።

ብረት-56፣ ቻርጁ 3+። ፕሮቶን 26፣ ኒውትሮን 56 − 26 = 30፣ ኤሌክትሮን 26 − 3 = 23።

ክሎሪን-35፣ ቻርጁ 1−። ፕሮቶን 17፣ ኒውትሮን 18፣ ኤሌክትሮን 17 − (−1) = 18።

ፈተና ላይ ብዙ ማርክ የሚሄደው በአዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ ባላቸው አቶሞች ነው። «3+» ሲባል ሦስት ፕሮቶን የተጨመረ የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉ። ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ፕሮቶን አይጨመርም፣ አይቀነስም፤ የሚመጣውም የሚሄደውም ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ፖዘቲቭ አዮን ማለት ኤሌክትሮን የጎደለው፣ ኔጌቲቭ አዮን ማለት ኤሌክትሮን የተጨመረለት ነው።

አሁን ወደ ኋላ ሥሩ፤ ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ይወደዳል። «አንድ አዮን 10 ኤሌክትሮንና 12 ኒውትሮን አለው፣ ቻርጁ 2+ ነው። ምንድን ነው?» ሁለት ኤሌክትሮን አጥቶ 10 ከቀረው መጀመሪያ 12 ነበረው፤ ስለዚህ ፕሮቶኑ 12 ነው። 12ኛው ንጥረ ነገር ማግኒዚየም ነው። ማስ ቁጥሩ 12 + 12 = 24። መልሱ ማግኒዚየም-24፣ 2+። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥማችሁ ሁልጊዜ መጀመሪያ ፕሮቶኑን ፈልጉ። ፕሮቶኑ ከተገኘ ስሙ ተገኘ።

ደረጃ 4፦ በትሪው ላይ አንድ አንድ እያደረጋችሁ ቀይሩ

እዚህ ጋ ጊዜ ስጡ። በንድፈ ሐሳብ የገባ የሚመስል ነገር በእጅ ሲነካ ይለያል፤ ታናናሾቻችሁም አብረው ሊሠሩት ይችላሉ። ሽምብራ ፕሮቶን፣ ባቄላ ኒውትሮን፣ ምስር ኤሌክትሮን ይሁን።

በመጀመሪያ ትሪው መሃል ላይ 6 ሽምብራና 6 ባቄላ ሰብስባችሁ አስቀምጡ፤ ዙሪያውን 6 ምስር በትኑ። ይህ ካርቦን-12 ነው።

አንድ ባቄላ ጨምሩ። ሽምብራው አሁንም 6 ስለሆነ ካርቦን ነው፤ መሃል ላይ ያለው ግን 13 ሆነ። ካርቦን-13። ሌላ ባቄላ ጨምሩ፤ ካርቦን-14። ሦስቱም አይሶቶፖች ናቸው፤ ፕሮቶናቸው እኩል፣ ኒውትሮናቸው የተለያየ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች።

አሁን ከካርቦን-14 አንድ ባቄላ አንሱና በምትኩ አንድ ሽምብራ አድርጉ። መሃል ላይ ያለው ጠቅላላ ቁጥር 14 እንደሆነ ቀረ፤ ሽምብራው ግን 7 ደረሰ። ይህ ካርቦን መሆኑ ቀርቶ ናይትሮጅን-14 ሆኗል። ይህን የምታደርጉት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ካርቦን-14 በተፈጥሮው የሚያደርገው ልክ ይህንኑ ነው። ከኒውትሮኖቹ አንዱ ወደ ፕሮቶን ይለወጥና አንድ ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ቤታ ጨረር የሚባለው ያ ኤሌክትሮን ነው።

ትሪውን ጥረጉና 11 ሽምብራ፣ 12 ባቄላ፣ 11 ምስር አድርጉ፤ ሶዲየም-23። አንድ ምስር አንሱ። ንጥረ ነገሩም ማስ ቁጥሩም አልተቀየሩም፤ ቻርጁ ብቻ 1+ ሆነ። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በዚህ መልኩ ነው።

እንግዲህ ሽምብራ ሲቀየር ንጥረ ነገሩ ይቀየራል፣ ባቄላ ሲቀየር አይሶቶፑ፣ ምስር ሲቀየር ቻርጁ። አንድ ጥያቄ ግራ ሲያጋባችሁ «የተቀየረው የቱ ነው?» ብላችሁ ወደ ትሪው ተመለሱ።

ከአይሶቶፖች ሁሉ የራሳቸው ስም ያላቸው የሃይድሮጅን ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኒውትሮን የሌለው ፕሮቲየም፣ አንድ ያለው ዲዩተሪየም፣ ሁለት ያለው ትሪቲየም። ዲዩተሪየምን ሃሮልድ ዩሬ በ1931 አግኝቶ በ1934 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ከዲዩተሪየም የተሠራ ውሃ «ከባድ ውሃ» ይባላል፤ በረዶው ተራ ውሃ ውስጥ ሲጣል አይንሳፈፍም፣ ይሰጥማል። አንድ ኒውትሮን ብቻ ተጨምሮ ይህን ያህል ለውጥ የሚታየው ሃይድሮጅን በጣም ቀላል ስለሆነና ማሱ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ነው። ክሎሪን ላይ ሁለት ኒውትሮን ቢጨመር እንዲህ ያለ ነገር በዓይን አይታይም።

ደረጃ 5፦ ኤሌክትሮኖቹን በኃይል ደረጃቸው ደልድሉ

ይህን ባጭሩ እንለፈው፤ የኃይል ደረጃ ማለት ኤሌክትሮኖች በኒውክለሱ ዙሪያ የሚደለደሉበት እርከን ነው። ለመጀመሪያዎቹ 20 ንጥረ ነገሮች ከውስጥ ወደ ውጭ 2፣ 8፣ 8፣ 2 እያላችሁ ሙሉ። ሶዲየም 2, 8, 1፤ ክሎሪን 2, 8, 7፤ ካልሲየም 2, 8, 8, 2። ከ20 በኋላ ይህ አሠራር ይፈርሳል፣ ስለዚህ ብረት ላይ አትሞክሩት።

ከአይሶቶፕ ጋር የሚያገናኘው ግን አስፈላጊ ነው። ክሎሪን-35ም ክሎሪን-37ም 17 ኤሌክትሮን አላቸው፣ ድልድላቸውም አንድ ነው፤ ኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ የሚሆነው በዚህ ነው። ከአፋር የተቆረጠ አሞሌም ሆነ ከሱቅ የተገዛ ጨው ውስጥ ሁለቱም ተቀላቅለው አሉ፤ ምላስ አይለያቸውም፣ ኬሚካዊ ሂደትም በተግባር አይለያቸውም።

ደረጃ 6፦ አማካይ አቶሚክ ማስን አስሉ

አሁን ወደ 35.45 እንመለስ። ይህ ቁጥር መቶ ዓመት ያህል ሳይንቲስቶችን አስቸግሯል። በ1815 ዊልያም ፕራውት የሁሉም አቶሞች ክብደት የሃይድሮጅን ሙሉ ብዜት ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ክሎሪን ግን በተመዘነ ቁጥር ሠላሳ አምስት ተኩል አካባቢ እየሆነ አላስኬድ አለ። መልሱ የተገኘው ፍሬድሪክ ሶዲ በ1913 የአይሶቶፕን ሐሳብ ካስተዋወቀና ፍራንሲስ አስተን በ1919 አይሶቶፖችን የሚለይ መሣሪያ ከሠራ በኋላ ነው። መሣሪያው አቶሞቹን ወደ አዮን ይለውጥና በኤሌክትሪክና በማግኔት መስክ ውስጥ ያሳልፋቸዋል፤ ቀላሎቹ አብዝተው፣ ከባዶቹ አሳንሰው ይታጠፋሉ። ክሎሪን ሲገባ ሁለት ቦታ ላይ አረፈ፤ 35 እና 37 ላይ። 35.45 ላይ ምንም አልነበረም።

አንድ ክፍል ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ከአራት ሦስቱ 15 ዓመታቸው፣ ከአራት አንዱ 17 ዓመታቸው ቢሆን፣ የክፍሉ አማካይ ዕድሜ 15.5 ይሆናል፤ 15 ዓመት ተኩል የሆነው ግን ማንም የለም። ክሎሪንም እንደዚያው ነው።

ስሌቱ እነሆ። በተፈጥሮ ከሚገኘው ክሎሪን 75.76% ክሎሪን-35 ሲሆን የአንዱ አቶም ማስ 34.969 ነው። 24.24% ክሎሪን-37 ሲሆን ማሱ 36.966 ነው።

ሀ. ፐርሰንቱን ለ100 አካፍሉ፦ 0.7576 እና 0.2424። ድምራቸው 1 መሆኑን አረጋግጡ።
ለ. እያንዳንዱን በየራሱ ማስ አባዙ፦ 34.969 × 0.7576 = 26.4925፤ 36.966 × 0.2424 = 8.9606።
ሐ. ደምሩ፦ 26.4925 + 8.9606 = 35.4531፣ ሲጠጋጋ 35.45።

እስከ መጨረሻው ሳትደርሱ አታጠጋጉ። መሃል ላይ 26.5 እና 9.0 ብላችሁ ከጻፋችሁ መልሱ 35.5 ይመጣና ከሰንጠረዡ ጋር አይገጥምም።

«የክሎሪን-35 ማስ ለምን 35 አልሆነም?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ተያይዘው ኒውክለስ ሲሆኑ ከማሳቸው ጥቂቱ ኃይል ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ድምሩ ልክ ሙሉ ቁጥር አይሆንም። ማሱ ልክ ሙሉ ቁጥር የሆነው ካርቦን-12 ብቻ ነው፤ እሱም መለኪያው በእሱ እንዲሆን፣ 12 እንዲባል ስለተወሰነ ነው።

መልሳችሁን ያለ ካልኩሌተር የምትፈትሹበት መንገድ አለ። አማካዩ ከትንሹና ከትልቁ ማስ መሃል መውደቅ አለበት፤ በተጨማሪም ወደሚበዛው ማዘንበል አለበት። 35.45 ከ37 ይልቅ ወደ 35 ይቀርባል፤ ክሎሪን-35 ስለሚበዛ። መልሳችሁ 36.5 ከመጣ ፐርሰንቱን አቀያይራችኋል።

ወደ ኋላ ማስላትም ይጠየቃል። የመዳብ አማካይ 63.546 ነው። ሁለት አይሶቶፖች አሉት፤ መዳብ-63 (ማሱ 62.930) እና መዳብ-65 (ማሱ 64.928)። ፐርሰንታቸው ስንት ነው? የመዳብ-63ን ድርሻ «ሀ» በሉት፤ የሌላኛው «1 − ሀ» ይሆናል።

62.930ሀ + 64.928(1 − ሀ) = 63.546
64.928 − 1.998ሀ = 63.546
1.998ሀ = 1.382
ሀ = 0.692

ስለዚህ መዳብ-63 ወደ 69.2%፣ መዳብ-65 ወደ 30.8% ነው።

አሁን ስለ አንድ መጥፎ ልማድ ልናገር፤ መምህራንም አንዳንዴ ሲያስተምሩት ይሰማል። «የሰንጠረዡን ማስ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉ፣ ማስ ቁጥሩ እሱ ነው» ይባላል። ሶዲየም፣ አሉሚኒየምና ፍሎሪን በተፈጥሮ አንድ አንድ አይሶቶፕ ብቻ ስላላቸው እነሱ ላይ ይሠራል። ብሮሚን ላይ ሞክሩት። አማካዩ 79.904 ነው፣ ሲጠጋጋ 80። በተፈጥሮ ግን ብሮሚን-80 የለም! ያሉት ብሮሚን-79 (50.69%) እና ብሮሚን-81 (49.31%) ናቸው፤ ለግማሽ ስለሚቀርቡ አማካዩ መሃላቸው ላይ ወደቀ። የመዳብም 63.546 ሲጠጋጋ 64 ይሆናል፣ መዳብ-64ም በተፈጥሮ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ማስ ቁጥር ካልሰጣችሁ የኒውትሮኑን ብዛት ከሰንጠረዡ ቆጥራችሁ አታመጡም። ልጆቻችሁን የምታስጠኑ ሁሉ እዚህ ላይ ጥብቅ ሁኑ፤ ከዚህ ምዕራፍ ውስጥ ጎጂው ስህተት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ትክክለኛ መልስ እየሰጠ ይሸነግላል።

ደረጃ 7፦ የማይረጉትን አይሶቶፖች ተከታተሉ

አንዳንድ ኒውክለስ አይረጋም፤ ጨረር እያወጣ ወደ ሌላ ይለወጣል። አሠራሩ ያው መቁጠር ነው። ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉት ማስ ቁጥሮች ድምር እኩል መሆን አለበት፤ የቻርጅ ድምርም እንደዚሁ። ዩራኒየም-238 የአልፋ ቅንጣት (2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን) ሲያወጣ ፕሮቶኑ ከ92 ወደ 90፣ ማስ ቁጥሩ ከ238 ወደ 234 ይወርዳል። 90ኛው ቶሪየም ስለሆነ ውጤቱ ቶሪየም-234 ነው።

የለውጡ ፍጥነት በግማሽ ዕድሜ ይለካል፤ ካለው ውስጥ ግማሹ እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5730 ዓመት ነው። ሕያው ነገር ሲሞት አዲስ ካርቦን ማስገባት ያቆማል፣ ውስጡ ያለው ካርቦን-14 እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ የድሮ እንጨት ውስጥ ከመጀመሪያው 12.5% ብቻ ቢቀር፦ 100 → 50 → 25 → 12.5፣ ሦስት ጊዜ ተጋምሷል፤ 3 × 5730 = 17,190 ዓመት። ቀስቶቹን ቁጠሩ እንጂ ቁጥሮቹን አትቁጠሩ፤ አራት ቁጥር ተጽፎ ቀስቱ ሦስት ነው።

ታዲያ ድንቅነሽን በካርቦን-14 ለምን አልለኳትም? በ1974 ሃዳር፣ አፋር ውስጥ የተገኘችው ድንቅነሽ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ታስቆጥራለች። ለ5730 ስታካፍሉት ከ550 በላይ መጋመስ ነው፤ ገና አሥረኛው ላይ ከሺህ አንድ ያህሉ ብቻ ይቀራል። የካርቦን-14 ልኬት ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በላይ አይጠቅምም።

የተጠቀሙት በፖታሲየም-40 ነው። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ሲሆን ከፊሉ ወደ አርጎን-40 ይለወጣል፤ ኒውክለሱ ከራሱ ኤሌክትሮኖች አንዱን ይስብና አንዱ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ይለወጣል። ቁጠሩት፦ 19 ፕሮቶንና 21 ኒውትሮን የነበረው 18 ፕሮቶንና 22 ኒውትሮን ሆነ፤ ማስ ቁጥሩ 40 እንዳለ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከቀለጠው ዓለት ውስጥ አርጎኑ በጋዝነቱ ያመልጣል። አመዱ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ክሪስታሉ ውስጥ የሚጠራቀመው አርጎን-40 ያለፈውን ጊዜ ይናገራል። የተለካው አጥንቱ ሳይሆን በአካባቢው የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ቦታ ከሥር ያለው የአመድ ንጣፍ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወጥቶለታል።

የደረጃ 2 እንቆቅልሽም እዚሁ ይፈታል። አየር ውስጥ ያለው አርጎን ከሞላ ጎደል ሁሉም አርጎን-40 ነው፤ ምድር ውስጥ ባለው ፖታሲየም በቢሊዮን ዓመታት የተመረተ። ፖታሲየም ደግሞ ከ93% በላይ ፖታሲየም-39 ነው። 18ኛው ከ19ኛው የከበደው በዚህ ነው።

ሌላው አገር ቤት የሚታወቅ ምሳሌ ኮባልት-60 ነው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት የካንሰር ጨረር ሕክምና የተሰጠው በእሱ ነበር። በተፈጥሮ የሚገኘው ኮባልት ሁሉ ኮባልት-59 ነው። የኒውክለር ሪአክተር ውስጥ አንድ ኒውትሮን ሲቀበል ኮባልት-60 ይሆናል፤ 27 ፕሮቶን፣ 33 ኒውትሮን። ይህ ቤታ አውጥቶ ወደ ኒኬል-60 ሲለወጥ ጠንካራ ጋማ ጨረር (እንደ ኤክስሬይ ያለ፣ ኃይሉ ግን የበረታ) ይሰጣል፤ የሚያክመው ጋማው ነው። ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ስለሆነ ማሽኑ ውስጥ ያለው ምንጭ ከአምስት ዓመት በኋላ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚያስፈልገው የጨረር ጊዜም በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ምንጩም መተካት አለበት።

መለማመጃ

መልሱን በወረቀት ሸፍናችሁ ሥሩ።

1. ድኝ-34፣ ቻርጁ 2−። መልስ፦ 16 ፕሮቶን፣ 18 ኒውትሮን፣ 18 ኤሌክትሮን።

2. 29 ፕሮቶን፣ 36 ኒውትሮን፣ 27 ኤሌክትሮን ያለው ምንድን ነው? መልስ፦ መዳብ-65፣ 2+።

3. ቦሮን-10 (ማሱ 10.013) 19.9%፣ ቦሮን-11 (ማሱ 11.009) 80.1% ነው። መልስ፦ 1.9926 + 8.8182 = 10.81።

4. አዮዲን-131 ለእንቅርት ዕጢ በሽታ ይታዘዛል፤ ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው። ከ80 ሚሊ ግራም ከ24 ቀን በኋላ ስንት ይቀራል? ቤታ ሲያወጣስ ምን ይሆናል? መልስ፦ ሦስት ጊዜ ይጋመሳል፤ 80 → 40 → 20 → 10 ሚሊ ግራም። ፕሮቶኑ ከ53 ወደ 54 ስለሚያድግ ዜነን-131 ይሆናል።

5. ማግኒዚየም ሦስት አይሶቶፖች አሉት፦ ማግኒዚየም-24 (23.985) 78.99%፣ ማግኒዚየም-25 (24.986) 10.00%፣ ማግኒዚየም-26 (25.983) 11.01%። አይሶቶፖቹ ሦስት ቢሆኑም አሠራሩ አይቀየርም። መልስ፦ 18.9458 + 2.4986 + 2.8607 = 24.3051። ሰንጠረዛችሁ 24.305 ወይም 24.31 ይላል። የእናንተ ካልገጠመ መጀመሪያ ሦስቱ ፐርሰንቶች ተደምረው 100 መምጣታቸውን፣ ቀጥሎ መሃል ላይ አለማጠጋጋታችሁን ፈትሹ።